ማኅተም ያልያዘው ዲግሪ

ካዛንቺስ ውስጥ በእኔ እጅ ሳያልፍ ወረቀት የሆነ ወረቀት የለም። ጉራ ከመሰላችሁ ይምሰላችሁ። የልደት ካርድ በሉት፣ የቤት ካርታ በሉት፣ የፍቺ ውሳኔ በሉት፣ ገልብጬ፣ ተይቤ፣ ላሚኔት አድርጌ የሸኘሁት ሰው ቢሰለፍ ከእኛ ሱቅ በር ተነስቶ ለገሃር ይደርሳል። ትምህርት ያቆምኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ግን ማስተርስ ያለው ሁሉ እኔ ፊት ቆሞ «ፍሬዬ፣ ትንሽ ቶሎ በይልኝ» እያለ ይለማመጠኛል። እጄ የገባ ነገር ተበላሽቶ አያውቅም። ፍቅርም ቢሆን።

ታሪኩን ከመሃል ለምትጀምሩ ሰዎች ባጭሩ ልንገራችሁና ወደ ክፉው ሳምንት ልግባ። ፍሬሰላም እባላለሁ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ሱቁ የእናቴ የወይዘሮ የሻረግ ነው። አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ላሚኔት ማሽን፣ አንድ ወንበር አለን፤ ወንበሩም የደንበኛ ነው። ሰፈራችን ሲፈርስና ጎረቤቶቻችን በየዳር አገሩ ሲበተኑ የእኛ መደዳ ወደ ቂርቆስ በኩል ስለሆነች ተረፈች። አሁን በራችን ላይ ስትቆሙ በግራ አዲስ አስፋልትና መብራት፣ በቀኝ ድሮ ሰው ይኖርበት የነበረ ባዶ ሜዳ ታያላችሁ። ደሊናና ጉርሜሳ መጀመሪያ የተያዩት እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

መሬት ይንቀጠቀጥ የነበረበትን ሰሞን ታስታውሳላችሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ወንበሩ ሲወዛወዝ እናቴ «ማርያም፣ ማርያም» እያለች በጸጉሬ ጎትታ አወጣችኝ። ሰፈሩ በሙሉ ሜዳው ላይ ወጥቷል። ግማሹ በስልኩ ይደውላል፣ ግማሹ ልጆቹን ይቆጥራል። አንዲት ሴት ብቻ ቀና ብላ የጥጉን ፎቅ ታያለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስንጥቅ እየቆጠረች ነው። ደሊና ነበረች፣ የብረታ ብረት ነጋዴው የአቶ አስገዶም ልጅ፣ ሲቪል ኢንጂነሯ። ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ የሚሠራው ጉርሜሳ ደግሞ ደረሰኝ ሊያሳትም እኛ ጋ መጥቶ ስለነበር ካቻቢቴው ከቱታው ኪስ ብቅ እንዳለ ነው የወጣው። እሱ ፎቁንም ስልኩንም ትቶ እሷን ያያል።

ዞር ብላ እዚያ በረንዳ ሥር እንዳይቆም ነገረችው፤ በረንዳው ደህና አልተሠራም አለች። እሱም አንቺስ የት ነው የምትቆሚው ብሎ ጠየቃት። እኔ የት እንደምቆም አውቃለሁ ስትለው ሄዶ አጠገቧ ቆመ። መሬቱ ከረጋ በኋላም እዚያው ቆመው ነበር። እኔ ግን አየሁ፤ መንቀጥቀጡ ገና መጀመሩ ነበር።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል እንዳትሉኝ፤ የደሊና ነገር ሌላ ነው። ሰሜን በኩል ዩኒቨርሲቲ እያለች ጦርነት ተነስቶ ስልኩም መብራቱም ሲቋረጥ ከቤተሰቧ ለሁለት ዓመት ያገኘችው ነገር አንዲት በሰው እጅ የመጣች ቁራጭ ወረቀት ነበረች። ከዚያ ወዲህ በስልክ የተጻፈ ነገር አላምንም ትላለች። ጉርሜሳ ደግሞ በእጁ ሲጽፍ ወረቀቱ ግሪስ ይሆንበታል። ስለዚህ እየጻፈ ያመጣልኛል፣ እኔ እተይብለታለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ ቅመም እጨምርበት ነበር። እሱ «ትናንት ስላላየሁሽ ከፋኝ» ካለ እኔ «ካላየሁሽ ቀን ቀን አይመስለኝም» ብዬ አስከትላለሁ። ደሊና አንድ ቀን ጉርሜ በወረቀት ላይ ሌላ ሰው ነው ብላ ስትስቅ፣ በደስታ ፎቶ ኮፒውን ባዶ አዞርኩት።

አባቷ ሲሰሙ ነገሩ ጠቆረ። አቶ አስገዶም ሱቃቸው ፈርሶ ወሎ ሰፈር አዲስ ከፍተዋል፤ ሰላምታ የማያጓድሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ለዚህ ነው ቃላቸው የሚያምመው። ጉርሜሳን አንድ ቀን እኛ በር ላይ አግኝተውት ጤንነቱን፣ ሥራውን፣ የእናቱን ደህንነት አንድ በአንድ ከጠየቁት በኋላ እጁ ሞያ እንዳለው እንደሰሙ፣ መኪናቸውን ግን ሌላ ጋራዥ እንደሚያሠሩ ነገሩት። ጉርሜሳ ጎንበስ ብሎ እሺ አባቴ አለ። ያን ቀን ያመጣልኝ ደብዳቤ ሁለት መስመር ብቻ ነበር።

ሐምሌ ሲያልቅ ደሊና ሦስት ወረቀት ልታሳትም መጣች። ሦስቱም ተቀብለናታል የሚሉ ናቸው፤ ሦስቱም የማስተርስ ናቸው። አንደኛው ከኢስታንቡል ነው፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ምህንድስና። ሁለተኛው ጀርመን ውስጥ ስሟን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ካቃተኝ ትንሽ ከተማ ነው። ሦስተኛው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ማታ ማታ፣ ከሥራ ሳይወጡ። ጉርሜሳም መጥቶ ነበር። እጁ ዘይት ስለሆነ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ብቻ አስግጎ ያነብባል። ወረቀት አይነካም።

አባቷ ትንሿን ከተማ ወደዋታል፤ ጸጥታ አላት፣ ሌባ የለም፣ ልብ ሰብስቦ ለመማር ይመቻል ብለዋል። ጉርሜሳ እሱም ትንሿን እንደሚመርጥ ተናገረ፤ ሰልችቶሽ ቶሎ ትመለሻለሽ አላት። ሳቅን። ደሊና ግን እዚያ ሄጄ ላም ላጠና ነው ወይ ብላ ወረቀቱን ገለበጠችው። ቀጥላ ስለ ኢስታንቡል ስታወራ ፊቷ ተለወጠ። አሥራ ስድስት ሚሊዮን ሰው ይኖርበታል አለች፤ ከሥሩ ያለው መሬት አንድ ቀን እንደሚነሳ ሁሉም ያውቃል፤ እያንዳንዱ አሮጌ ፎቅ ትምህርት ነው፤ መምህሮቿ ሰሌዳ ላይ ብቻ አያስተምሩም፣ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ግድግዳ ያንኳኳሉ።

«ለምን ግን ትልቅ ከተማ?» አላት ጉርሜሳ።

«ትልቅ ከተማ ሲወድቅ ብዙ ሰው ላይ ነው የሚወድቀው» አለችው። «እዚህ ከተማርኩ የማውቀው አሁን የማውቀውን ብቻ ነው። እዚያ ከተማርኩ ግን ተመልሼ ይሄ ይቁም፣ ይሄ ይፍረስ ማለት እችላለሁ። አንተን ከዚያ በረንዳ ሥር ዞር በል ያልኩህ እኮ ገምቼ ነው። አውቄ ብናገር አትፈልግም?»

 ደሊና ዓይኑን ፈልጋ አጣችው፤ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን ነበር የሚያየው።

«ሁለት ዓመት ነው» አለ በመጨረሻ።

«ሁለት ዓመት ነው።»

«ሂጂ እንጂ፣ ኢንጂነር። እኔ የት እሄዳለሁ።»

ያኔ ነው ዲግሪዋን ከፋይሉ ያወጣችው። ለአምስት ዓመት የተጀመረ፣ በሰባት ዓመት ያለቀ ዲግሪ። ጦርነቱ ሲነሳ ክፍሏን ጥላ፣ ሲረግብ ተመልሳ፣ ጎኗ የነበሩ ልጆች ሳይመለሱ እሷ ተመልሳ ያገኘችው። ለኢስታንቡል ዋናው ራሱ ሰነድ ማረጋገጫ ሄዶ ጀርባው ላይ ማኅተም ማረፍ አለበት፤ ቀጠሮው ነሐሴ ሃያ አራት ነው፣ ምዝገባው ጳጉሜ ሦስት ይዘጋል። እሷ ግን በዚያ ሳምንት ከከተማ ውጪ ሳይት ላይ ናት። ውክልና ልስጥህ፣ አንተ ውሰደው አለችው። ወንድሟ አሉላ እንዳለ፣ አባቷ ሾፌር እንዳላቸው እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

«ለምን እኔ?» አላት።

«የምትልከኝ አንተ ሁን ብዬ ነው። ሌላ ሰው ከላከኝ ትቼህ የሄድኩ ይመስለኛል።»

ተነስቶ እጁን ቱታው ላይ ጠረገ፤ መዳፉን፣ የእጁን ጀርባ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ። ከዚያ ወረቀቱን በሁለት ጣት፣ ገና የተወለደ ልጅ እንደሚቀበል ሰው ተቀበላት። እኔ ወደ ማሽኑ ዞሬ የማይታተም ነገር አሳተምኩ፤ ሲያለቅሱ መታየት አልወድም።

ነሐሴ ሃያ አራት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ እንደተከፈተ ቧንቧ ነበር። ጉርሜሳ ዲግሪውን በፌስታል፣ ፌስታሉን በቱታው ደረት ውስጥ አድርጎ ሲሮጥ ገባ። ሦስት ኮፒ እንዳነሳለት ነግሮኝ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ወዲያው የደንበኛ መኪና መንገድ ዘግቶ ማቆሙ ትዝ አለውና አሥር ደቂቃ ብሎ ወጣ።

ኮፒውን አነሳሁ። ከዚያ ዲግሪውን አየሁት። አንዱ ጥግ ላይ የዝናብ ጠብታ አርፎ ወረቀቱን አሳብጦታል። ሌላው ጥግ ላይ፣ ያን ሁሉ ከተጠነቀቀ በኋላ እንኳን፣ የጉርሜሳ አውራ ጣት የዘይት ጥላ ጥሎበታል። ልቤ ተነካ። ከጦርነት የተረፈ ወረቀት በካዛንቺስ ዝናብ አይበላም ብዬ አሰብኩ። ሰው ትልቅ ወረቀቱን ምን ያደርገዋል? ላሚኔት ያደርገዋል። የእናቴ የጋብቻ ወረቀት ላሚኔት ነው፤ የእድር ደብተራችን ሽፋን ላሚኔት ነው፤ የሞተው አባቴ ፎቶ ላሚኔት ነው። ወፍራሙን ፕላስቲክ አወጣሁ፣ ለሁለቱም ስጦታዬ ይሁን ብዬ። አረንጓዴው መብራት በራ፣ ወረቀቱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል እንደ መስታወት እያብረቀረቀ ወጣ። ገና ትኩስ እያለ በእጄ ዳበስኩት።

ጉርሜሳ ሲመለስ በሁለት እጄ አቀረብኩለት። ትንሽ ቆሞ አየው። ጥሩ ነው አይደል ስለው፣ ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ ፍሬ ብሎኝ ደረቱ ውስጥ ከተተው። እሱ ዲግሪ ይዞ አያውቅም፣ እኔም ይዤ አላውቅም። ማን ይንገረን?

ስድስት ሰዓት ላይ ተመለሰ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ገልብጣ አይታ፣ ማኅተሙን የት ላሳርፈው ብላ ጠየቀችው አለኝ። ፕላስቲክ ማኅተም አይዝም። ዋናው እንደወጣ ካልሆነ አይቻልም ብላ መለሰችለትና የሚቀጥለውን ሰው ጠራች። አዲስ ቀጠሮ ከመስከረም በኋላ ነው። ምትክ ዲግሪ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ማውጣት የወራት ነገር ነው። ይሄን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ፤ አልነበረም። ይሄ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

ቡልጋሪያ ጋራዡ ድረስ ተከትዬው ሄድኩ። ቀለም የሚያደርቁበት የሞቀ አየር የሚነፋ መሣሪያ አላቸው። ፍሪሲዮን የሚፈታበትን ጠረጴዛ በነጭ ጨርቅ ጠርጎ ወረቀቱን አጋደመውና ከጥጉ ጀምሮ በቀስታ ያሞቀው ጀመር። ዓለም ላይ እንደዚያ የሚጠነቀቅ እጅ አላየሁም። ፕላስቲኩ ለቀቀ። ደስ አለን። ከዚያ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ተነሳ። የዲኑ ፊርማ ፕላስቲኩ ላይ ቀረ፤ ከስሟ «ደሊ» የሚለው ወረቀቱ ላይ፣ ሌላው ፕላስቲኩ ላይ። ጉርሜሳ መሣሪያውን አጠፋው። ሁለታችንም ስሟን ለሁለት ተከፍሎ እያየን ቆምን።

ማልቀስ ጀመርኩ። እናቴ ትገድለኛለች፣ ደሊና ዓይኔን አታይም፣ ምን ላድርግ እያልኩ ቱታውን ያዝኩት።

«ለሷ እኔ እነግራታለሁ» አለኝ። «አንቺ ዝም በይ።»

ወደ ቤት ስመለስ ዝናቡ ቆሟል። ቀለል አለኝ። ቀለል ስላለኝ ደግሞ ራሴን ጠላሁት።

ደሊና በማግስቱ ከሰዓት መጣች፣ ከሳይት ቀጥታ። ጫማዋ ጭቃ ነው፣ ቢጫ ቆቧን በእጇ ይዛለች። እናቴ ወረቀት ልትገዛ መርካቶ ሄዳ ነበር። ጉርሜሳ ቀድሟት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ስታየው ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ በደንብ ነው የማስታውሳት፣ ምክንያቱም ሁለተኛ አላየኋትም።

«ጨረስክ?» አለችው።

ከደረቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። መጀመሪያ አልገባትም። ጣቷን ስሟ ያለበት ቦታ አሳርፋ፣ ጠፍቶባት ወዲያና ወዲህ ስትፈልገው አየሁ። ከዚያ ገባት። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም።

«ማን ነው ላሚኔት ያደረገው?»

እኔ ፎቶ ኮፒው አጠገብ ነበርኩ። ክዳኑን ከፍቼ ይዤዋለሁ። ጉርሜሳ ወደ እኔ አልዞረም።

«በእኔ እጅ ነበር» አለ።

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«ሌላ መልስ የለኝም።»

«ጉርሜሳ» አለችው። ሙሉ ስሙን ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው። «ከዚያ ሁሉ ይዤ የወጣሁት ይሄን ብቻ ነው። ጓደኞቼን አልያዝኩም፣ ልብሴን አልያዝኩም። ይሄን ነው የያዝኩት። ለአባቴ አልሰጠሁም፣ ለወንድሜ አልሰጠሁም። ላንተ ሰጠሁ።»

ጉርሜሳ ተነሳና ውጪ እናውራ አላት። ሄደው ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ቆሙ፤ ዝናቡ እንደገና ጀምሯል። እኔ «ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔት፣ የፓስፖርት ፎቶ» ከሚለው ማስታወቂያ ጀርባ ሆኜ በመስታወቱ አያቸዋለሁ። ቆርቆሮው ስለሚጮህ አንድ ቃል አልሰማሁም። ጉርሜሳ ብዙ አወራ። ያን ያህል ሲያወራ አይቼው አላውቅም። እሷ መጀመሪያ እያየችው ነበር፣ ቀጥላ መሬት መሬት ታይ ጀመር። ሲጨርስ እጇን አንስታ ጉንጩ ላይ አደረገች፤ ትኩሳት ያለው ሰው እንደሚነካ። እጇን መለሰች። ከዚያ በባዶው ሜዳ መሃል ለመሃል ጃንጥላዋን ሳትከፍት ሄደች። እሱ ከክፈፉ ሥር ቆሞ ቀረ፣ ዝናቡ አንድ ትከሻውን ብቻ እያረጠበው።

እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፣ እንዳትታዘቡኝ። እኔን ሸፈነኝ ብዬ ነው ያሰብኩት። ጥፋቱን በሙሉ ራሱ ላይ ጫነ፣ ፍቅሩን ለእኔ ሲል አቃጠለ። እንባዬ እየወረደ ከእንባው ሥር የሆነ ኩራት የመሰለ ነገር ተሰማኝ። ለእኔ ተብሎ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም።

ጳጉሜ ሦስት መጣችና ሄደች። ኢስታንቡል ተዘጋ። አቶ አስገዶም አንድ ቀን በሱቃችን በር ሲያልፉ ሰላም አሉኝ። ደሊና እንዴት ናት ብዬ ስጠይቃቸው «ጓለይ፣ ልጄ፣ እዚሁ ትማራለች» ብለውኝ አለፉ፤ ድምፃቸው ሰው ሞቶበት ለቅሶ አትምጡብኝ የሚል ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። አዲስ አበባ ላይ ከዲግሪው በፊት የሚሰጠውን ጊዜያዊ ወረቀት ተቀበሏት። ቀን ሳይት፣ ማታ ክፍል። እሷ የፈለገችው ትምህርት እዚህ ስለሌለ የሚመስለውን መረጠች ሲሉ ሰማሁ።

ጉርሜሳ የፈለገው ሆነ ማለት ነው፤ አልሄደችም። ኢስታንቡል ብትሄድ ኖሮ ባሕርና ሰማይ ነበር የሚለያያቸው። አሁን ከእሱ ጋራዥ እስከ እሷ ክፍል አንድ ታክሲ ነው፤ አንድ ቀን እንኳን አልተሳፈረባትም። ደረሰኝ ሊያሳትም ሲመጣ ወንበሩን ትቶ በር ላይ ይቆማል። ከስቷል፣ ቱታው ሰፍቶታል። ስለ እሷ ሳነሳበት የመኪና ነገር ያወራኛል።

እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ በልቤ አንዲት ነገር ስቀምም ከረምኩ። እሄዳለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው እላታለሁ። ደሊና ትደነግጣለች፣ ያ ምስኪን በከንቱ ተቀጣ ትላለች፣ ሮጣ ቡልጋሪያ ትሄዳለች። ይህችን በየቀኑ አስተካክላታለሁ፤ አንዳንዴ ዝናብ እጨምርባታለሁ። ድፍረቱን ግን ከየት ላምጣ?

ኅዳር ውስጥ ጉርሜሳ ራሱ አመጣልኝ። አንድ ፖስታ ነው፣ የታሸገ። ለመተየብ እጄን ስዘረጋ ይሄ አይተየብም አለኝ። በራሱ እጅ ነው የጻፈው፤ ፖስታው ጥግ ላይ ጣቱ አለ። ለሷ እንድሰጥለት ብቻ ነው የፈለገው። ምን እንደጻፈ አላውቅም። የእኔ ቃል የሌለበት የመጀመሪያው ደብዳቤው ነው።

ደሊና ከሥራ ስትወጣ ለገሃር ታክሲ እንደምትሰለፍ አውቅ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሄድኩ። ሰልፉ እስከ ጥጉ ይደርሳል፤ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አጎንብሷል፣ ረዳቱ የመንገዱን ስም እየጠራ ይዞራል። ደሊና መሃል ላይ ናት። ቦርሳዋ ከብዷት በአንድ ትከሻዋ ተንጋዳለች። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ስታየኝ አልሸሸችም፣ አልቀረበችም። ከጎኗ ገብቼ ቆምኩ። ከኋላችን ያሉ እትዬ ሰልፍ አታስገቢ ብለው አጉረመረሙ፤ እንደማልሳፈር ነገርኳቸው።

ፖስታውን ሰጠኋት። የእጅ ጽሕፈት መሆኑን አይታ የማን እንደሆነ አወቀች። ጥጉ ላይ ያለችውን የጣት ጥላ በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት፣ ልትጠርጋት ይሁን ልትነካት አልለየሁትም። አልከፈተችውም። ደብተሯ መሃል አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አሁን ነው አልኩ በልቤ። የተዘጋጀሁበት ሁሉ ከአፌ ጠፋ፣ የወጣው ጥሬው ነው።

«ደሊዬ፣ ጉርሜ አይደለም። እኔ ነኝ ላሚኔት ያደረግኩት። እሱ አላየም፣ አላዘዘኝም። እኔን ሊሸፍን ነው ዝም ያለው። ያለ ጥፋቱ ነው የተቀጣው።»

ትደነግጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሄደ፣ አብራ አንድ እርምጃ ሄደች።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «የዚያኑ ቀን ነግሮኛል፣ ከክፈፉ ሥር። እናትሽ እንዳትሰማብሽ ብዬ ነው ያላነሳሁት።»

መሬቱ እንደዚያ ቀን የተወዛወዘብኝ መሰለኝ።

«ታዲያ ለምን ተውሽው?»

 ረዳቱ መጥቶ ስንት ሰው እንደሚገባ ቆጥሮ ሄደ።

«ሴትዮዋ ወረቀቱን ስትመልስለት ደስ አለኝ አለኝ» አለች። «ለአንድ ደቂቃ፣ አለ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ፣ በቃ አትሄድም ብሎ እንደሳቀ ነገረኝ። ከዚያ ደነገጥኩ፣ ልልጠው የሮጥኩትም ለዚያ ነው አለኝ። ያቺን ደቂቃ ግን ነገረኝ።»

«እውነቱን ነገረሽ እኮ። መደበቅ ይችል ነበር።»

«ይችል ነበር። ለዚህ ነው እስካሁን የምወደው።» ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። «ግን ክፍል ቁጭ ባልኩ ቁጥር እዚያ ደረጃ ላይ ሲስቅ ነው የሚታየኝ። ሰባት ዓመቴ እጁ ላይ ሞቶ እሱ ሲስቅ። ከሱ ጋር ቤት ብገባ ያ ሳቅ አብሮን ይገባል።»

ማልቀሴን ያወቅኩት እትዬዋ መሀረብ ሲያቀብሉኝ ነው። ሁሉም የእኔ ጥፋት ነው አልኳት። ያገናኘኋችሁም እኔ፣ ያለያየኋችሁም እኔ፣ እጄ ይቆረጥ አልኳት። አባቷ እግር ላይ እንደምወድቅ፣ ጉርሜሳን ይዤው እንደምመጣ፣ ሦስታችን ቁጭ ብለን ከመጀመሪያው ብንነጋገር ነገሩ እንደሚስተካከል፣ እኔ ካልኩ እንደማይቀር ነገርኳት። ታክሲው እየመጣ ነበር፤ ሰልፉ መገፋፋት ጀመረ። ደሊና ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበችና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። ንዴት የለበትም። ድካም ብቻ ነው።

«ፍሬ፣ አንቺ ያበላሸሽው ወረቀት ነው። እኔና እሱ ስንለያይ አንቺን ማንም አላሰበሽም። አሁን ከሰልፉ ውጪ፣ የሚሳፈር ሰው አለ።»